ባስ እንዴት ይሠራል? ለጀማሪዎች የተደረገ ንግግር

(የሙዚቃ ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ያሰሙት)



በዚህ የበዓል ሳምንት ልዩ ልዩ ክበቦች ስለየሥራቸው ሲናገሩ ሰንብተዋል። ለእኛ ለሙዚቃ ክበብ አባሎች ተራው ሲደርሰን የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ፥ ለሌሎቻችሁም ምናልባት ቀላል መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም በኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ባስ የሚባለው ዝቅተኛ ድምፅ በጀማሪ እጅ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ባስ ማለት በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚሰማው ወፍራም ድምፅ ነው። ዘፋኙ ይመሰገናል፥ ዜማው በየሰዉ አፍ ይዞራል፤ ባሱ ግን ከቤት ሥር እንደ ተቀበረ የመሠረት ድንጋይ ስለ ሆነ አመስጋኝ የለውም። ዳሩ ግን ሙዚቃው እየተሰማ ሳለ ባሱ ድንገት ቢቋረጥ የሚጨፍረው ሰው ሁሉ እግሩ ይሰንፋል፤ ምክንያቱን ብትጠይቁት ግን ሊነግራችሁ አይችልም።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር ሙዚቃ መሥራት ጀምረዋል። ከበሮውን ማሰማት አይከብዳቸውም፤ ከባሱ ሲደርሱ ግን ይቸገራሉ። በዚህም ጊዜ ሁለት አቋራጭ መንገዶች ይቀርቡላቸዋል። አንደኛው ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠውን፥ «ሉፕ» የሚባለውን የተዘጋጀ ቁራጭ አምጥቶ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው ጥቂት ቃላት ሲጻፉለት ሙሉ ዘፈን ለሚያወጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራውን ሁሉ ማስረከብ ነው። በሁለቱም መንገድ ሙዚቃ እንደሚገኝ አንክድም። ነገር ግን በእነዚህ መንገዶች ብቻ የሄደ ወጣት ዘፈን ያገኛል እንጂ ጆሮ አያገኝም። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ሦስተኛው መንገድ፥ በዝግታ ነገር ግን በገዛ እጅ ስለሚኬድበት መንገድ ነው።

ከታሪኩ ጥቂት

አስቀድመን ከታሪኩ ጥቂት እንጥቀስ። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1977 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ጆርጆ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከዶና ሰመር ጋር «አይ ፊል ላቭ» የተባለውን ዘፈን ሠሩ። በዚያ ዘፈን ውስጥ ከዘፋኟ ድምፅና ከትልቁ ከበሮ በቀር የሚሰማው ከሞላ ጐደል ሁሉም የወጣው ሞግ ከሚባለው ሲንተሳይዘር ነው። ሲንተሳይዘር ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። የዘፈኑ ባስ ጥቂት ኖታዎች ብቻ አሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኖታ በማስተጋቢያ መሣሪያ ወዲያው ስለሚደገም ጥቂቱ ብዙ መስሎ ይሮጣል።

ሁለተኛው ታሪክ የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ነው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1981 ቲቢ 303 የምትባል፥ ታዳኦ ኪኩሞቶ የተባለ መሐንዲስ ያዘጋጃት የባስ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የታሰበችውም ብቻውን ጊታር ለሚለማመድ ሰው በባስ እንድታጅበው ነበር። ነገር ግን ድምፅዋ እውነተኛውን የባስ ጊታር ስላልመሰለ ገዢ አጣች፤ በ1984ም መሠራቷ ቀረ። ከዚያ በኋላ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ በርካሽ ትገኝ ጀመር። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የነበሩ፥ ራሳቸውን ፊውቸር ብለው የሰየሙ ወጣቶች ይህችኑ መሣሪያ አግኝተው በ1987 «አሲድ ትራክስ» የተባለውን ሥራ አወጡ። ይህ ሥራ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሲሆን፥ የባሱ ዜማ አንድ አጭር ቃል እንደሚደጋግም ሰው እየተመላለሰ ይሰማል። የሚለወጠው የድምፁ ቀለም ነው፤ ወጣቶቹ የመሣሪያዋን ማዞሪያዎች እያዞሩ ድምፁን አንዴ ያደበዝዙታል፥ አንዴ ያስጮኹታል። ከዚህም ሥራ አሲድ ሃውስ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ስሙን አገኘ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። እነዚህን ሥራዎች ያስከበራቸው የኖታ ብዛት አልነበረም፤ የመሣሪያም ውድነት አልነበረም። ጥቂት ኖታ መርጦ፥ በቦታው አስቀምጦ፥ በትዕግሥት መደጋገም ነበር።

ዝቅተኛ ድምፅ ምንድን ነው?

ድምፅ የአየር መርገብገብ መሆኑን በፊዚክስ ክፍል ተምረናል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ ጀምሮ እስከ 20,000 ጊዜ ድረስ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል። በሴኮንድ አንድ ጊዜ መርገብገብ አንድ ኸርዝ ይባላል። አራት ክር ባለው የተለመደ የባስ ጊታር ላይ ከሁሉ ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ያህል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው፥ በፊደል አጠራር «ኤ» የሚባለው ክር 55 ኸርዝ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ ኪክ የሚባለው ትልቁ ከበሮም ብዙ ጊዜ የሚመታው በ50ና በ60 ኸርዝ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ባስና ኪክ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ወፍራም ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንነሣ ቢሉ ይጋፋሉ፤ ሲጋፉም አድማጩ የሚሰማው ኪክን ወይም ባስን ሳይሆን የተደበላለቀ ጉርምርምታን ነው። ጀማሪ «ባሴ አልሰማ አለኝ» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጉርምርምታው ይብሳል። መድኀኒቱ ድምፅን መጨመር አይደለም፤ ቦታን ማካፈል ነው።

ከከበሮው ጋር ስለ መስማማት

ከሁሉ አስቀድመን ልንላችሁ የምንወደው ቃል ይህ ነው፤ ባስ ብቻውን አይሠራም፤ ከከበሮው ጋር ተዋውሎ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ኖታ ከመምረጣችሁ በፊት ከበሮውን ብቻ አሰምታችሁ ጥቂት ደቂቃ አዳምጡት።

ምሳሌ እንዲሆነን በ1980ዎቹ ዓመታት በቺካጎ የተወለደውን ሃውስ የሚባለውን ዓይነት እንውሰድ። የዚህ ሙዚቃ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ነው። ለስሌት እንዲቀለን 120 እንበል። አንድ ምት ግማሽ ሴኮንድ ይፈጃል፤ አራት ምት ያለው አንድ ክፍል፥ ማለት አንድ ባር፥ 2 ሴኮንድ ይሆናል። ይህን ባር እንደ ሂሳብ ደብተር በ16 እኩል ቤቶች ብንከፍለው እያንዳንዱ ቤት 0.125 ሴኮንድ ይደርሰዋል። በኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ላይ የምታዩት የቤቶች ረድፍ ይኸው ነው።

በሃውስ ሙዚቃ ኪክ የሚመታው በ1ኛው፥ በ5ኛው፥ በ9ኛውና በ13ኛው ቤት ነው። እንግዲህ የጀማሪ የመጀመሪያ ልምምድ እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ኖታ ብቻ፥ ለምሳሌ 55 ኸርዝ የሆነውን ኤን ይዛችሁ በ3ኛው፥ በ7ኛው፥ በ11ኛውና በ15ኛው ቤት አስቀምጡት። እያንዳንዱም አንድ ቤት ብቻ ይርዘም።

(እዚህ ላይ ምሳሌው ለተሰብሳቢው ተሰማ።)

እንደ ሰማችሁት ኪኩ ይናገራል፥ ባሱ ይመልሳል። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በሠርግ ቤት አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ ዝም ብለው ይሰማሉ፤ አውጪው ሲያበቃ ደግሞ ተቀባዮቹ ያነሣሉ። ተቀባዮቹ ከአውጪው ጋር ባንድ ጊዜ ቢጮኹ ዘፈን አይሆንም። ባስም የኪክ ተቀባይ ነው ብላችሁ ብታስቡት ግማሹን ትምህርት ጨርሳችኋል።

ሁለተኛው ልምምድ የኖታው ርዝመት ነው። ያንኑ ኖታ ከአንድ ቤት ወደ ሁለት ቤት አስረዝሙት። ዳንሱ ከመዝለል ወደ መንሳፈፍ ሲለወጥ ታያላችሁ። ነገር ግን ኖታው የሚቀጥለው ኪክ ከመምታቱ በፊት ማለቅ አለበት። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ኖታው ስለሚጀምርበት ቦታ ነው፤ የሚያልቅበት ቦታ ግን ከመጀመሪያው ያላነሰ ነው። ሰው እግሩን የሚያነሣው ድምፁ በሚቆምበት ጊዜ ነውና።

ሦስተኛው ልምምድ መቀነስ ነው። ባሩን አራት ጊዜ ደግሙና ከአራተኛው ባር ላይ በ11ኛው ቤት ያለውን ኖታ አጥፉት። በዚያ ባዶ ቦታ አድማጩ በልቡ ኖታውን ይሞላዋል፤ ጆሮውንም ያቀናል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ተረት በሙዚቃም እውነት መሆኑን በዚህ ታረጋግጣላችሁ።

አራተኛው ልምምድ ማዘግየት ነው። ከአራተኛው ባር መጨረሻ በ15ኛው ቤት ያለውን ኖታ ወደ 16ኛው ቤት አዛውሩት። አሁን ኖታው ከሚቀጥለው ኪክ በፊት አንድ ቤት ብቻ ሲቀር ስለሚመታ ሙዚቃውን ወደ ፊት የሚገፋ ይመስላል። አንዲት ኖታ በ0.125 ሴኮንድ ብቻ ተዛውራ የሰውን አካሄድ መለወጧ የሚያስደንቅ ነው።

እነዚህን አራት ልምምዶች ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ለምሳሌ ኤልኤምኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፥ የቤቶቹን ረድፍና ድምፅ ፈጣሪ መሣሪያዎችን አብሮ ይዟል። የቲቢ 303ን ድምፅ ለመምሰል የተሠራ መሣሪያም በውስጡ ይገኛል። አንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ስለ ኖታ ምርጫና ስለ ቅኝት

ምቱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ወደ ኖታ እንሄዳለን። የአገራችን የሙዚቃ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ መሆናቸውን ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ያለው መሆኑ ለባስ ጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው። በፒያኖ ላይ ካሉት ብዙ ድምፆች መካከል እንዳይባዝን አጥር ይሆነዋልና።

ለምሳሌ በዘመናዊው አጠራር ትዝታ ማይነር የሚባለውን ከኤ ብንጀምረው በፊደል አጠራር ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ኢ እና ኤፍ ይሆናሉ። በቁጥር ሲገለጡም 55፥ 62፥ 65፥ 82 እና 87 ኸርዝ ያህል ናቸው። ምክራችን እንዲህ ነው። ኤን ቤት አድርጉት፤ ከአራቱ ኖታ ሦስቱ በእርሱ ላይ ይዋሉ። ኢ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ ወደ እርሱ ሄዶ መመለስ ሁልጊዜ ያስተማምናል። ከኤፍ ወደ ኢ መውረድ ሐዘንን ያሰማል፤ ስለዚህ በየባሩ ሳይሆን አልፎ አልፎ ሊሠራበት ይገባል።

በዝቅተኛው ስፍራ ሁለት ኖታ ባንድ ጊዜ አታሰሙ። 55ና 62 ኸርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ በልዩነታቸው መጠን፥ ማለት በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል፥ እየጨመረና እየቀነሰ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይፈጥራሉ። ሁለቱ በከፍተኛው ስፍራ ሲያምሩ በዝቅተኛው ስፍራ ግን መኪና ያንኳኳል ያሰኛሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የዳንስ ሙዚቃ ሁሉ በ16 ቤት መከፈል አለበት የሚል ሕግ የለም። ቺክቺካ የምንለው የአገራችን ምት አንዱን ምት ለሦስት የሚከፍል ስለ ሆነ አራት ምት ያለውን ባር በ12 ቤት መክፈል ያስፈልገዋል። ፕሮግራሙ ሲከፈት 16 ቤት ስላሳያችሁ የአያቶቻችሁን ምት አትተዉ፤ ቤቶቹን ለውጡ እንጂ። ይህን መንገድ የሄዱ የአገራችን ሰዎች አሉ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ለብቻው ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ የአገር ዜማዎችን በካሴት አስቀርጿል። ከወጣቶቹም መካከል ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም» የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራ አውጥቷል።

ስለ ድምፁ ቀለምና ስለ በገና

ኮምፒዩተሩ ከሚፈጥራቸው የድምፅ ሞገዶች መካከል ሳይን የሚባለው ከሁሉ የጠራው ነው። ተጨማሪ ድምፅ የለውም፤ ልስልስና ጥልቅ ነው። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሳው የተባለው ሞገድ ደግሞ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ እጥፉን፥ ሦስት እጥፉንና አራት እጥፉን እየጨመረ ይሄዳል። ማለት 55 ኸርዝ ብትሰጡት ከእርሱ ጋር 110፥ 165፥ 220 እያለ ይቀጥላል። ፊልተር የሚባለው ማዞሪያ ከእነዚህ ከፍተኛ ድምፆች የምንፈልገውን ያህል የሚያስቀር ወንፊት ነው። የቺካጎ ወጣቶች ያዞሩት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሣል። በጥሩ ማዳመጫ ሲሰማ ደረት የሚነቀንቀው ባስ በእጅ ስልክ ሲከፈት ለምን ይጠፋል? መልሱ ቀላል ነው። በስልክ ውስጥ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ 55 ኸርዝን አጉልታ ለማሰማት አቅም የላትም። ባሱ በሳይን ብቻ የተሠራ ከሆነ የምታሰማው ምንም ነገር የላትም። ነገር ግን በባሱ ላይ 165ና 220ን የመሳሰሉ የበላይ ድምፆች ካሉበት ትንሿ ማጉያ እነርሱን በከፊልም ቢሆን ታሰማለች፤ ጆሮም ከእነዚህ ተነሥቶ የጐደለውን የመሠረት ድምፅ በራሱ ይሞላል። ይህ የጆሮና የአእምሮ ሥራ በሳይንስ የታወቀ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ በአገራችን አለ። በገና 10 ክሮች ያሉት ወፍራም ድምፅ ሰጪ መሣሪያ ነው። ክሩ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ክሩም በተመታ ጊዜ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያን ሁላችንም የምናውቀውን የሚነዝር ድምፅ ይሰጣል። ያ ንዝረት በዝቅተኛው ድምፅ ላይ ብዙ የበላይ ድምፆችን የሚጨምር ስለ ሆነ የበገናው ዜማ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ ጥርት ብሎ ይሰማል። በገና ለጸሎትና ለጾም ወራት የሚሆን ክቡር መሣሪያ መሆኑን እናውቃለን፤ ወደ ዳንስ ቤት ይግባም አላልንም። የምንለው ግን፥ የዛሬ መሐንዲሶች ዲስቶርሽን በሚሉት መሣሪያ ለባስ የሚሰጡትን ጥቅም አባቶቻችን በአንዲት ቁራጭ ቆዳ አግኝተውት ነበር ነው።

እንግዲህ ለጀማሪ የሚሆነው አሠራር ይህ ነው። ለጥልቀቱ አንድ ሳይን፥ ለመሰማቱ ደግሞ በላዩ አንድ ሳው በዝቅተኛ መጠን አድርጉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ኖታ ይጫወቱ። ዝቅተኛው ድምፅ በግራና በቀኝ ሳይከፋፈል መካከል ላይ ይቁም።

ስለ ማመዛዘንና ስለ ጆሮ ጥንቃቄ

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ55 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ6 ሜትር በላይ ነው። ይህ ከብዙ የመኖሪያ ክፍሎች ርዝመት ይበልጣል። ስለዚህ ሞገዱ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ ሲመለስ በአንዱ ቦታ ይበረታል፥ በሌላው ይደክማል፤ በማዕዘን አጠገብ የቆመ ሰው ብዙ ባስ ይሰማል፥ መካከል ላይ የቆመው ግን ጥቂት ብቻ ሊሰማ ይችላል። በአንድ ቦታ ተቀምጣችሁ አትፍረዱ፤ ተነሡና ዙሩ፤ ከዚያም በማዳመጫና በስልክ አመዛዝኑ።

ኪክና ባስ በግድ አብረው የሚመቱበት ቦታ ካለ ሳይድቼይን የሚባለው ዘዴ ይረዳል። ይህም ኪኩ በተመታ ቁጥር ባሱ ለቅጽበት ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲያሳልፈው ማድረግ ነው። ታላቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ብሎ ወንበር እንደሚለቅ ልጅ ነው። ነገር ግን ይህ ዘዴ ቦታን በማካፈል ፈንታ የሚገባ አይደለም፤ ቦታ ከተካፈሉ በኋላ ለቀረው ነው።

በ1933 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፥ የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ከሁሉ ይልቅ ዝቅተኛውን ድምፅ ይዘነጋል። ስለዚህ ባስ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ፥ ደግሞም ከፍ ማድረግ ያምረዋል። ይህ ለሙዚቃውም ለጆሮውም ጠንቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያለ ስጋት ይሰማ ዘንድ የሚመክረው 80 ዴሲቤል ሲሆን በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። እኛም በዚህ ረገድ የምንመክረው፥ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ሆኖ ሲናገር ልትሰሙት በምትችሉበት መጠን እንድትሠሩ ነው። በዝግታ ሲሰማ የሚያስጨፍር ባስ በትልቅ ድምፅ ሲሰማ ይበልጥ ያስጨፍራል፤ በጩኸት ብቻ የሚያስጨፍር ግን በዝግታ ሲሰማ ባዶነቱ ይገለጣል።

ታዲያ ለምን እንደክማለን?

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። የተዘጋጀ ቁራጭ በሞላበት፥ መሣሪያም ዘፈን በሚደርስበት ዘመን አንድ ተማሪ አራት ኖታ በትክክለኛ ቦታቸው ለማስቀመጥ ለምን ምሽቱን ይፈጃል?

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ የማሽን ጩኸት ነው፤ ከትምህርታችሁ ያዘናጋችኋል» ይሉናል። ስጋታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ዛሬ ከተናገርነው ውስጥ ከሂሳብና ከፊዚክስ ውጭ የሆነው ምን ያህል ነው? ሴኮንድን ለስምንት መክፈል፥ የሞገድን ርዝመት ማስላት፥ ሁለት ድምፆች ሲገናኙ የሚሆነውን ማወቅ፥ እነዚህ ሁሉ በክፍል የምንማራቸው ናቸው። ልዩነቱ እዚህ የስሌቱ መልስ በእግር የሚታወቅ መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በለጠፈው ቁራጭ የሚኖር ወጣት የሚመርጠው ሌላ ሰው አስቀድሞ ከመረጠው ውስጥ ነው። የቁራጩ ምት የሌላ አገር ምት ይሆናል፥ ቅኝቱም የሌላ አገር ቅኝት ይሆናል፤ ልጁም ሳያውቀው የገዛ ጆሮው እንዲህ እየተቀረጸ ይሄዳል። መሣሪያው ያወጣለት ዘፈን ካልጣፈጠውም ሌላ እንዲያወጣለት ከመጠየቅ በቀር ምን እንደ ጐደለው ሊናገር አይችልም። ባሱን ኖታ በኖታ የሠራ ግን 15ኛው ቤት ለምን እንደ ተተወ ያውቃል። በኋላም የሌላውን ሥራ ቢጠቀም እንኳ እንደ ጌታ ይጠቀማል እንጂ እንደ ለማኝ አይሆንም። የቺካጎዎቹ ወጣቶች የተጣለችን መሣሪያ አንሥተው አዲስ ነገር የፈጠሩት ገንዘብ ወይም ታላቅ ስቱዲዮ ስለ ነበራቸው አልነበረም፤ የሚሰሙትን በገዛ ጆሮአቸው መፍረድ ስለ ቻሉ ነበር።

ደግሞም ከባስ የምንማረው አንድ የጠባይ ትምህርት አለ። ባስ ራሱን አያሳይም፤ ሌሎችን ያቆማል። መናገር የሚገባውን ጊዜና ዝም ማለት የሚገባውን ጊዜ ይለያል። ከጓደኛው ጋር ቦታ ይካፈላል። እንዲህ ያለ ጠባይ በክፍላችንም፥ በቤታችንም፥ በአገራችንም ቢኖር ማን ይጠላዋል?

ስለዚህ ክበባችን ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥሪ ያቀርባል። በትምህርት ቤታችን በዓል ማታ የሚጨፈርበት ሙዚቃ ከውጭ የመጣ ብቻ እንዳይሆን፥ እያንዳንዱ ክፍል የ8 ባር ባስ በገዛ እጁ ሠርቶ ያምጣ። ከአምስት የተለያዩ ድምፆች አይለፍ። ከማንም አይገልበጥ። እኛም ሁሉን በአንድ ከበሮ ላይ አሰካክተን እናሰማዋለን። አንዱ ክፍል በትዝታ፥ ሌላው በአንቺ ሆዬ፥ አንዱ በ16 ቤት፥ ሌላው በ12 ቤት ቢያመጣ በዓሉ ይበልጥ ያምራል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ዛሬ አንዲት ኖታ በቦታዋ ያስቀመጠ ነገ ሙሉ ሙዚቃ ያቆማል።